ወንዙ ሲጠራ ቲኤችኤም ለምን ይጨምራል?

#1 ቡናማ ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ውሃ የምንስበው ባሕር ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከቀረው ወንዝ ነው። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

በዝናብ ወራት ወንዙ እንደ ቀጭን ሻይ ቡናማ ይሆናል። ድፍርስ ግን አይደለም፤ ብርጭቆ ውስጥ ብትቀዱት ወለሉ ይታያል። በደረቁ ወራት ቀለሙ ይለቃል፣ ውሃው ጥርት ይላል። የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦኑም አብሮ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል።

ችግሩ ከክሎሪን በኋላ ነው። ቲኤችኤም (ትራይሃሎሜቴን፣ ክሎሪኑ ውሃው ውስጥ የሚፈጥረውና መጠኑ በደንብ የተገደበው ውህድ) በደረቁ ወራት ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ይወጣል። ኦርጋኒክ ቁሱ የቲኤችኤም ጥሬ ዕቃ ከሆነ፣ ጥሬ ዕቃው ሲቀንስ ምርቱ እንዴት ይጨምራል? አለቃዬ «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» ብሎ አለፈው። መሣሪያው ደህና ነው። በስታንዳርድ አረጋግጫለሁ።

#2 ገና ተማሪ

ይቅርታ ጥያቄው ውስጥ ዘልዬ ልገባ ነው። ኦርጋኒክ ቁስ ሲባል ፍሳሽ ማለት ነው? ውሃው ካልደፈረሰ ቀለሙ ከየት መጣ? እኔም በወንዝ አፍ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ልጀምር ስለሆነ ከመሠረቱ የሚያስረዳኝ ካለ አመሰግናለሁ።

#3 ጥቁር ገበታ

ገና ተማሪ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ብዙ ሰው ይህን ሳያጠራ ነው ወደ ክሎሪን የሚሮጠው።

ቅጠል፣ ሣር፣ ሥር፣ የሞተ አልጌ ይበሰብሳል። ከመበስበሱ ወደ ውሃው የሚገባው ሁሉ በጅምላ የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ ይባላል። አንድ ኬሚካል አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ሞለኪውሎች ቅልቅል ነው። ፍሳሽም የራሱን ድርሻ ይጨምርበታል፣ ግን ሰው በሌለበት ወንዝም ሞልቷል። በላብራቶሪ ብዙ ጊዜ 0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ፊልተር ያለፈው «የሟሟ» ተብሎ ይቆጠራል። የባሕር ሰዎች ደግሞ 0.7 የሆነውን የመስታወት ፋይበር ፊልተር ይመርጣሉ፣ ምድጃ ውስጥ አቃጥለው ማጽዳት ስለሚችሉ። የሁለት ላብራቶሪ ቁጥር ስታወዳድር መጀመሪያ በምን እንዳጣሩ ጠይቅ።

ቀለሙን የሚሰጡት በዋናነት ሁሚክና ፉልቪክ አሲዶች ናቸው። ከረግረግና ከደን አፈር ታጥበው ይመጣሉ። በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ብርሃን አይበትኑም፤ ስለዚህ ውሃው አይደፈርስም። ብርሃን ይውጣሉ እንጂ፣ በተለይ ሰማያዊውንና አልትራቫዮሌቱን። የአማዞን ገባር የሆነው ሪዮ ኔግሮ የጠቆረው በዚህ ነው። ከኦኪፈኖኪ ረግረግ ተነስቶ በፍሎሪዳ አልፎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ሱዋኒ ወንዝም እንደዚያው ነው። ዓለም አቀፉ የሁሚክ ንጥረ ነገሮች ማኅበር ለላብራቶሪዎች የሚያድለው ማመሳከሪያ ናሙና ከሱዋኒ የተቀዳ ነው። የዓለም ወንዞች ተደምረው በዓመት ወደ 0.25 ቢሊዮን ቶን ገደማ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ባሕር ውስጥ ይጨምራሉ ተብሎ ይገመታል።

ቲኤችኤም ደግሞ ክሎሪን ከእነዚህ ሞለኪውሎች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠሩ አራት ውህዶች ናቸው፦ ክሎሮፎርም፣ ብሮሞዳይክሎሮሜቴን፣ ዳይብሮሞክሎሮሜቴን እና ብሮሞፎርም። በ1974 ሮተርዳም የውሃ ሥራ ላይ የነበረው ኬሚስት ዮሃንስ ሩክ ክሎሮፎርም ከውጭ የገባ ብክለት እንዳልሆነ፣ ክሎሪኑ ራሱ ከተፈጥሮ ኦርጋኒክ ቁስ ጋር ሆኖ እንደሚሠራው አሳየ። እስከዚያ ድረስ ክሎሪን ጀርም ገዳይ ብቻ ነበር።

የቡናማ ውሃን ጥያቄ ሌላ ሰው ይጀምረው፣ እኔ እመለሳለሁ።

#4 ጠርጣራው

እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ቅጠልና ሣር ከጥንት ጀምሮ ወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ ኖሯል። አሁን ምን አዲስ ነገር መጣና ነው መርዝ የሆነው? ላይኛው ተፋሰስ ላይ ፋብሪካ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደረቅ ወር ላይ ወንዙ ሲቀንስ የፋብሪካው ፍሳሽ ድርሻ ይጨምራል። ያለቀ ነገር ነው። ሲኦዲ (ኦርጋኒክ ቁሱን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን) ለኩና እዩት።

#5 ቡናማ ውሃ

ጠርጣራው፣ ሲኦዲ ለክተናል። እንዲያውም በደረቁ ወራት ይወጣል፣ ያውም በጣም። እኔም መጀመሪያ የፋብሪካ ነገር ነው ብዬ ነበር። የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦኑ ግን ወርዷል። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ተጣሉብኝ።

#6 ጋሽ ማጣሪያ

ልጄ፣ መሣሪያሽን አትጠርጥሪ። ሦስት ነገር ልጠይቅሽ።

ቲኤችኤሙን አራቱን ለየብቻ ታነቢያለሽ ወይስ ድምሩን ብቻ ነው የምትልኪው? በመሳቢያው ላይ፣ ውሃውን ከወንዙ በምትስቡበት ቦታ፣ ኮንዳክቲቪቲ (ጨውነቱን የሚናገረውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) ትለኪያለሽ? የምትለኪ ከሆነ፣ ባሕሩ ሲሞላም ሲጎድልም ነው ወይስ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት?

#7 ቡናማ ውሃ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሪፖርት የምናደርገው ድምሩን ነው። አሁን እርስዎ ሲሉኝ የድሮዎቹን ክሮማቶግራሞች (አራቱ ለየብቻ እንደ ጫፍ የሚታዩባቸውን የመሣሪያ ሥዕሎች) አውጥቼ አየሁ። በዝናብ ወራት የመጀመሪያው ጫፍ፣ ክሎሮፎርሙ፣ ገዝፎ ይወጣል። ሌሎቹ እዚህ ግባ አይባሉም። በደረቁ ወራት ግን የመጨረሻው ጫፍ፣ ብሮሞፎርሙ፣ ከሁሉም በላይ ይሆናል። ክሎሮፎርሙ ከመስመሩ ብዙም አይነሳም። ድምሩን ብቻ ስንጽፍ ይሄ ሁሉ ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

ኮንዳክቲቪቲ የሚለካው ጠዋት ሥራ ስንገባ ብቻ ነው።

#8 ጋሽ ማጣሪያ

ይኸው ተገኘ። ባሕሩ ቤትሽ ገብቷል።

ወንዙ ሲሞላ ባሕሩን ይገፋዋል። ወንዙ ሲቀንስ ባሕሩ ሽቅብ ይመጣል። ጨዋማው ውሃ ከባድ ስለሆነ ከታች ተንሸራቶ ነው የሚገባው፤ ላይ ላዩን ብትቀጂ ላታገኚው ትችያለሽ። መሳቢያችሁ ወለሉ አጠገብ ከሆነ እየጠጣችሁት ነው። ከጨው ጋር ደግሞ ብሮማይድ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ብሮሚን) ይመጣል። ኬሚስትሪውን ጥቁር ገበታ ያስረዳሽ፤ እኔ ቫልቭ የማውቅ ሰው ነኝ።

#9 ጥቁር ገበታ

ጋሼ ትሑት ሆነው ነው እንጂ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እሺ፣ ሂሳቡን እንሥራው፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የባሕር ውሃ በሊትር 67 ሚሊ ግራም ገደማ ብሮማይድ ይይዛል። መሳቢያችሁ ጋ ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ አንዱ እጅ ብቻ የባሕር ነው እንበል። ብሮማይዱ በሊትር 0.67 ሚሊ ግራም ይሆናል። ባሕር ለማይደርስበት ንጹሕ ወንዝ ይህ በጣም ብዙ ነው። በዚያው ቅልቅል ክሎራይዱ በሊትር 194 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ሰው ጨውነት ቀመስኩ የሚለው ከ200 እስከ 300 ሲደርስ ነው። ማለትም ምላሳችሁ ገና ምንም አላለም፣ ደንበኛ አልደወለም፣ ብሮማይዱ ግን ሥራ ጀምሯል።

ክሎሪን ስትጨምሩ ክሎሪኑ ብሮማይዱን ወደ ሃይፖብሮመስ አሲድ ይቀይረዋል። እሱ ደግሞ ኦርጋኒክ ቁሱን ከክሎሪን በበለጠ ፍጥነት ያጠቃል። ከእያንዳንዱ ሚሊ ግራም ካርቦን የሚወጣው የቲኤችኤም ቁጥር ራሱ ይጨምራል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ደንቡ የሚቆጥረው ማይክሮግራም እንጂ ሞለኪውል አይደለም። የክሎሮፎርም ሞለኪውል ክብደት 119 ነው። የብሮሞፎርም 253 ነው። ስለዚህ የሞለኪውሉ ቁጥር ምንም ሳይጨምር፣ ክሎሪኖቹ በብሮሚን ስለተተኩ ብቻ ሪፖርትሽ ላይ ያለው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ለአራቱ ድምር የተቀመጠው ጣሪያ 80 ማይክሮግራም በሊትር ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት 100። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለየብቻ ነው የሚያየው፦ ክሎሮፎርም 300፣ ብሮሞፎርም 100፣ ዳይብሮሞክሎሮሜቴን 100፣ ብሮሞዳይክሎሮሜቴን 60። ብሮሚን ያለባቸው ሁሉ ከክሎሮፎርም ዝቅ ያለ ጣሪያ እንደተሰጣቸው አስተውሉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። አሉም (ለማጣራት ውሃው ውስጥ የምትጨምሩት ኬሚካል) ኦርጋኒክ ቁሱን ይዞ ይዘቅጣል። ብሮማይድን ግን አይነካውም። ከማጣሪያው ሲወጣ ካርቦኑ ቀንሷል፣ ብሮማይዱ እንዳለ ነው። ለእያንዳንዱ የቀረ ካርቦን የሚደርሰው ብሮማይድ በዛ ማለት ነው። በደንብ ባጣራችሁ ቁጥር ቅልቅሉ ወደ ብሮሞፎርም ያዘነብላል። ያ ማለት አታጣሩ ማለት አይደለም፣ ድምሩ በጥቅሉ ይቀንሳልና።

ደረቅ ወር ብዙውን ጊዜ ሙቀትም አለው። ሙቀት ምላሹን ያፋጥነዋል።

#10 ጠርጣራው

እሺ ጨውን ተቀበልኩ። ሲኦዲው ለምን ወጣ ታዲያ? እሱን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት።

#11 ጥቁር ገበታ

ወንድሜ፣ እሱም ያው ጨው ነው። የሲኦዲ ምርመራ በዳይክሮሜት ኦርጋኒክ ቁሱን ያቃጥላል። ዳይክሮሜቱ ግን ክሎራይድንም ያቃጥላል። አንድ ሚሊ ግራም ክሎራይድ 0.226 ሚሊ ግራም የሐሰት ሲኦዲ ሊሰጥ ይችላል። ናሙናው ውስጥ ከአሥር አንዱ እጅ የባሕር ውሃ ቢሆን ክሎራይዱ 1,940 ገደማ ነው፤ ኦርጋኒክ ቁስ ዜሮ ቢሆንም መሣሪያው 438 ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። ሜርኩሪ ሰልፌት የሚጨመረው ይህን ለማፈን ነው። እሱም ገደብ አለው። ብዙዎቹ የተዘጋጁ ቱቦዎች ከ2,000 ሚሊ ግራም ክሎራይድ በላይ አይመከሩም። ቱቦው ላይ የተለጠፈውን ያነበበ ስንቱ ነው?

በሲኦዲ ብቻ ፋብሪካ የምትከስ ከሆነ የወንዝ አፍ ላይ አታድርገው። ፋብሪካው የለም አላልኩም። ማስረጃው ይሄ አይደለም ነው የምልህ።

#12 ዓሣው ምን አለ

እናንተ ቧንቧውን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ እኔ ወንዙ ውስጥ ስላለው ላውራ።

ጠርጣራው «ቅጠል ምን አዲስ ነገር አለው» ያለው አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ። ረግረጉ ለወራት ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ወንዙ ላይ ይደፋዋል። ከዚያ ባክቴሪያ ድግስ ነው። አንድ ሚሊ ግራም ካርቦን ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስኪሆን 2.67 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይበላል። ጨው የሌለበት ውሃ በ25 ዲግሪ መያዝ የሚችለው ደግሞ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ቆጥሩት እንግዲህ። ባክቴሪያ በቀላሉ የሚበላው 3 ሚሊ ግራም ካርቦን ከመጣ፣ ከአየር የሚተካ ካልደረሰ በቀር ኦክስጅኑን ከሞላ ጎደል ይጨርሰዋል። ከ2 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ አብዛኛው ዓሣ ወይ ይሸሻል ወይ ያልቃል።

ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በመስከረም 1996 ፍራን የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን ካሮላይናን ከመታ በኋላ ኬፕ ፊር ወንዝ ላይ የሆነው ይሄ ነው። የረግረግ ውሃው ከላይ ወረደ፣ መብራት ጠፍቶ ያልታከመ ፍሳሽም ተጨመረበት፣ ኦክስጅኑ ተሟጠጠ፣ ዓሣ በብዛት አለቀ። ሁለቱን ለይቶ «ይሄን ያህል የቅጠሉ፣ ይሄን ያህል የሰው» ማለት ከባድ ነው፤ ውሃው ውስጥ ሁለቱም ካርቦን ናቸው።

ሁሉም የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ እንዲህ አይበላም ግን። አሮጌው ሁሚክ ለባክቴሪያ የሚያኘክ አጥንት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ትኩሱ፣ የአልጌውና የፍሳሹ፣ ነው ቶሎ የሚሄደው። ሁለት ወንዞች እኩል 8 ሚሊ ግራም ካርቦን ይዘው አንዱ ጤነኛ ሆኖ ሌላው ታፍኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

እና ለማስተዛዘን ያህል፦ ሁሚኩ መዳብን አጥብቆ ይይዛል። የተያዘ መዳብ ለዓሣ ከነፃው መዳብ በጣም ያነሰ መርዝ ነው። ሜርኩሪንም ይይዛል፣ እሱ ግን መልካም ዜና አይደለም፤ ከረግረጉ ተሸክሞት ይወርዳል።

#13 ገና ተማሪ

በጣም አመሰግናለሁ። የእኔ ጥናት ኦርጋኒክ ቁሱ ከወንዙ ወደ ባሕሩ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ነው። አማካሪዬ «ጨው ሲነካው ይዘቅጣል» አለኝ። ይሄ ነው ደረቅ ወር ላይ ውሃውን የሚያጠራው?

#14 ጥቁር ገበታ

በከፊል። ኤድዋርድ ሾልኮቪትዝ በ1976 ባሳተመው ሥራ የስኮትላንድ ወንዞችን የተጣራ ውሃ ከባሕር ውሃ ጋር ቀላቅሎ አይቶታል። ብረቱ በአብዛኛው ተያይዞ ዘቀጠ። ከኦርጋኒክ ቁሱ ግን የዘቀጠው ከ3 እስከ 11 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጨው ብረቱንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ትልልቁን ሁሚክ ይወስዳል፣ ቀሪው መንገዱን ይቀጥላል።

ቀለሙን የሚያለቀው ሌላው ፀሐይ ነው። ደረቅ ወር ላይ ውሃው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ቀለም ያለው ክፍል ይሰባበራል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ረግረጉ ራሱ ከወንዙ ጋር መገናኘቱን ያቆማል፤ የሚታጠብ ነገር የለም።

ለጽሑፍህ የምመክርህ ቀላል ነገር አለ። ከላይ እስከ ባሕሩ ድረስ ናሙና ውሰድ፤ አግድም ጨዋማነት፣ ቁም የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን አድርገህ ሳለው። ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ከወደቁ መቀላቀል ብቻ ነው የተፈጠረው። ከመስመሩ በታች ከወረዱ መንገድ ላይ የሚያጠፋው አለ። በላይ ከወጡ የሚጨምር አለ፤ የባሕር ዳር ረግረግ፣ አልጌ ወይም ፍሳሽ። በዚያው ናሙና ላይ የ254 ናኖሜትር የብርሃን ውጥ (ውሃው ያንን አልትራቫዮሌት ምን ያህል እንደሚውጥ) ለካ። ካርቦኑ መስመሩን ተከትሎ ቀለሙ ከመስመሩ ከወረደ ፀሐይን ጠርጥር። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብረትም በ254 ላይ ብርሃን ይውጣል። ብረት ሳትለካ ስለ ሁሚክ ትልቅ ድምዳሜ አትጻፍ። ፈታኝ ያገኝሃል።

ናሙናውን በፕላስቲክ አትውሰድ። ጥቁር የመስታወት ጠርሙስ፣ 450 ዲግሪ የተቃጠለ። ወዲያው አጣራ፣ አሲድ ጨምረህ ፒኤቹን ወደ 2 አውርድ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጥ። ለብርሃን ውጥ የሚሆነውን ግን አሲድ አታግባበት፤ ለብቻው ያዝ፣ ቶሎ ለካ።

#15 ጠርጣራው

ቡናማ ውሃ ግን መፍትሔ ነው የምትፈልገው መሰለኝ። ክሎሪኑን ቀንሱት አለቀ። ወይም ኦዞን ግቡ። ዘመናዊ ነው።

#16 ጋሽ ማጣሪያ

አይ ልጄ፣ እንዲህ ባለ ነገር አትቀልድ። ክሎሪን ቀንሰህ ሰው በተቅማጥ ከታመመ ማይክሮግራም አያድንህም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቲኤችኤምን ለመቀነስ ተብሎ ጀርም የመግደሉ ሥራ እንዳይጓደል ያስጠነቅቃል። የሚቀነሰው ክሎሪኑ የሚያገኘው ነገር ነው።

ኦዞን ደግሞ ብሮማይድ ላለበት ውሃ ወጥመድ ነው። ብሮማይዱን ብሮሜት ያደርገዋል። የብሮሜት ጣሪያ 10 ማይክሮግራም ነው። ከድጡ ወደ ማጡ እንዳትገቡ።

ቡናማ ውሃ፣ ሰዎች ክሎራሚንም (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር) ይሉሻል። ቲኤችኤሙን ይቀንሰዋል፣ እውነት ነው። ግን ዋሽንግተን ዲሲ በ2000 ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ከቀየረ በኋላ በቀጣዮቹ ዓመታት ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ እየለቀቀ የሰው ቤት ገብቷል። የቧንቧሽን ዕድሜ ሳታውቂ አትነካኪው።

እኔ ብሆን ይሄን በቅደም ተከተል ነው የማደርገው። መጀመሪያ ገንዘብ የማይፈልገውን። መሳቢያው ላይ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር አስቀምጪ፣ ሌት ተቀን የሚያነብ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ እንደየቦታው። ጎድሎ ጎድሎ ሊመለስ ሲል ያለው ውሃ ከሁሉም የተሻለ ነው። ገንዳችሁ የሚይዝ ከሆነ በዚያ ሰዓት ሳቡ፣ ሲሞላ ፓምፑን አቁሙ። መሳቢያው ከፍ የሚልበት መንገድ ካለ ከፍ አድርጉት።

ቀጥሎ፣ ክሎሪን የት ነው የምትጨምሩት? ብዙ ጣቢያ አልጌ ለመግደል መግቢያው ላይ ይደፋል። ያኔ ክሎሪኑ ኦርጋኒክ ቁሱን ገና ሳይቀነስ፣ ሙሉውን ነው የሚያገኘው። ወደ ማጣሪያው መጨረሻ አምጡት።

#17 ቡናማ ውሃ

ጋሼ፣ በትክክል መግቢያው ላይ ነው የምንጨምረው! ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጣቢያው ውስጥ የለም። «ድሮም እንዲህ ነው» ነው መልሱ።

አሉሙን ብንጨምረውስ? በደረቁ ወራት ስንጨምር ብዙ ለውጥ አላየንም።

#18 ጥቁር ገበታ

የማታዩበት ምክንያት አለ። የ254 ውጡን በሜትር አውጥተሽ በካርቦኑ ሚሊ ግራም አካፍይው። ሱቫ የሚባለው እሱ ነው። ከ4 በላይ ከሆነ ትልልቅ፣ ቀለበት የበዛበት ሁሚክ ነው፤ አሉም ይወደዋል። ከ2 በታች ከሆነ ትንንሽ፣ የአልጌና በፀሐይ የተሰባበረ ነገር ነው፤ አሉም በእጁ አያስገባውም። በዝናብ ወራት ያላችሁ የመጀመሪያው ነው፣ በደረቁ ሁለተኛው ይመስለኛል። ስለዚህ ደረቅ ወር ላይ አሉም መደፋት ዝቃጭ ማብዛት ነው።

በዝናብ ወራት ግን ፒኤቹን ወደ 6 አካባቢ ብታወርዱት ያው መጠን አሉም የበለጠ ይዞ ይወርዳል። ጃር ቴስት (በየብርጭቆው የተለያየ መጠን አሉም የሚሞከርበት) ሥሪ፣ ድፍርስነቱን ብቻ እያየሽ አትወስኚ። ውሃው ጥርት ብሎ ካርቦኑ እንዳለ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ብርጭቆ በ254 ለኪው።

ለደረቁ ወራት የተሻለው ዱቄት አክቲቬትድ ካርቦን (ኦርጋኒክ ቁሱን ላዩ ላይ የሚይዝ የከሰል ዱቄት) ነው። ርካሽ አይደለም፣ ግን ጨው በሚገባባቸው ሳምንታት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

#19 ዓሣው ምን አለ

አንድ ጨመር ላድርግ። ደረቅ ወር ላይ አልጌ ካላችሁ ላይኛው ተፋሰስ ያለውን ማዳበሪያና ፍሳሽ ተመልከቱ። ጠርጣራው የፋብሪካውን ነገር ያነሳው በዚህ በኩል ከሆነ ልክ ነው። ናይትሮጅኑ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌው ኦርጋኒክ ቁስ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ሱቫው ዝቅ ያለ፣ አሉም የማይይዘው ዓይነት ነው።

#20 ጠርጣራው

አመሰግናለሁ። ቢያንስ ሩቡን አግኝቻለሁ 😄

#21 ቡናማ ውሃ

የመጣሁት ዜና ይዤ ነው። ከሌላ ክፍል ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ተውሼ መሳቢያው ላይ አስቀመጥኩ። ጠዋት የምንለካበት ሰዓት፣ በዚህ ሰሞን፣ ባሕሩ የሚጎድልበት ሆኖ ተገኘ! ለዚህ ነው የዚህ ሰሞን መዝገባችን ላይ ጨው የማይታየው። ማታ ሲሞላ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይወጣል። ፓምፖቹ ደግሞ በሙሉ ኃይል የሚሠሩት ማታ ነው፣ መብራት ስለማይቆራረጥ።

አለቃዬ ግራፉን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ «የፓምፑን ሰዓት የሚያወጣውን ሰው ጥሩልኝ» አለ። ክሎሪኑን ማዛወሩ ግን ደብዳቤ ይፈልጋል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አሁን ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የታከመውን ውሃ ለየብቻ ወስጄ ቲኤችኤሙን ላነጻጽር ነው። ናሙናው እስኪለካ ድረስ እየተቀየረብኝ አይሆንም?

#22 ጋሽ ማጣሪያ

ይቀየራል፣ ጠርሙሱ ውስጥም ክሎሪኑ ሥራውን አያቆምም። ከመቅዳትሽ በፊት ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ሶዲየም ታዮሰልፌት አድርጊ፤ ክሎሪኑን ይገድለዋል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙይው፣ ገልብጠሽ እዪው፣ አንዲት የአየር አረፋ ከታየች ድፊና እንደገና ቅጂ። ቲኤችኤም ወደ አረፋው ይሸሻል። ሌላ ጠርሙስ ደግሞ ያለ ታዮሰልፌት ሙዪና ውሃው ቧንቧ ውስጥ የሚቆየውን ያህል ሰዓት አስቀምጪው፣ ከዚያ ነው ታዮሰልፌቱን የምትጨምሪበት። የመጨረሻው ደንበኛ የሚጠጣው ያንን ነው።

#23 ቡናማ ውሃ

ገባኝ ጋሼ። የሁለቱንም ክሮማቶግራም እዚሁ እለጥፋለሁ፣ አራቱን ለየብቻ።